በእሺታ በር የገቡት አቶ ክላይቭ ሆልሮይድ

በር ማለት በግድግዳ መካከል ሰው እንዲተላለፍበት ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት ሲሆን፣ ክፍተቱን ለመዝጋት የሚቆመው ሳንቃም በዚሁ ስም ይጠራል። በር የገባውን ሰው ለምን ገባህ ብሎ አይጠይቅም፤ ወዶ የገባውንም ተገፍቶ የገባውንም እኩል ያሳልፋል። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው፣ ዛሬ በዚህ ጸሎት ቤት አስከሬናቸው ፊታችን ያረፈው አቶ ክላይቭ ሆልሮይድ በሰባ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው ስንትና ስንት በር ከፍተውና ዘግተው ሳለ፣ አገር የሚያውቃቸው በአንዱ ብቻ በመሆኑ ነው።

አቶ ክላይቭ ከአባታቸው ከአቶ ኧርነስት ሆልሮይድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤድና ክሮውዘር፣ እዚሁ በዮርክሸር በሃልሶፕ መንደር፣ ከከሰል ማውጫው በር ሁለት መቶ እርምጃ በማይርቅ ቤት ተወለዱ። አባታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሬት በታች የሠሩ፣ ቃላቸው አንድ የሆነ፣ እጃቸው ግን ከቃላቸው የሚፈጥን ሰው ነበሩ። ክላይቭ በዘጠኝ ዓመታቸው ለአንዲት ባልቴት ጎረቤት ከሰል ላመላልስልሽ ብለው ኳስ ሲጫወቱ በመዋላቸው፣ አቶ ኧርነስት ቀበቷቸውን ፈትተው ቆዳቸው እስኪተለተል ገረፏቸውና፣ «ቃሉን ያጠፈ ሰው ወገቡ ታጥፎ ነው የሚኖረው» አሏቸው። ልጁ በነጋታው በሆዳቸው እየተኙ እየተነሡ ከሰሉን አመላለሱ። ባልቴቲቱ ለልፋታቸው አንድ ፖም የሰጧቸው ቢሆንም፣ ቁጭ ብለው ሊበሉት አልቻሉም።

ፈተና አልፈው ወደ ከተማው ትልቅ ትምህርት ቤት ሲገቡ ጠዋት ጠዋት የመንደሩ ልጆች በደንብ ልብሳቸው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ልጆች በአነጋገራቸው እያመካኙ ይደበድቧቸው ስለነበር፣ በሁለት እጅ መማታትን የተማሩት ከሒሳብ ቀደም ብለው ነው። ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገብተው ምጣኔ ሀብት አጠኑ። በዚያ ዘመን ተማሪ ለትምህርቱ አንዲት ፔኒ አይከፍልም፤ ይልቁንም መንግሥት ለምግብና ለቤት ኪራይ ይሰጠው ነበር። አቶ ክላይቭ ይህን ነገር በሕይወታቸው ሙሉ ሲያነሡ የኖሩ ሲሆን፣ ያልሰማ ካለ ዘግይቶ የመጣ ሰው ብቻ ነው።

ትምህርታቸውን ፈጽመው በአውራጃችን ኮሌጅ ሃያ ስድስት ዓመት ምጣኔ ሀብት አስተማሩ። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ የነበሩትን ወይዘሮ ሞሪን ባትሊን አግብተው፣ ብዙ ከጠበቁ በኋላ አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ብሪዮኒም አሏት። ከእርሷ መወለድ በፊት በታላቁ የማዕድን ሠራተኞች አድማ፣ ፈረሰኛ ፖሊስ የአባታቸውን ክንድ በዱላ ሦስት ቦታ ሰብሮባቸው ነበር። ክላይቭም አባታቸውን ተሸክመው ከአጥሩ ሥር ሲያወጡ ሁለት የፊት ጥርሳቸውን እዚያው ሜዳ ላይ ትተው መጥተዋል።

በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ሕዝቡ መርጦ ወደ ምክር ቤት ላካቸው። አርብ አርብ ከለንደን ሲመለሱ በማዕድን ሠራተኞች ክበብ ተቀምጠው ከአብሮ አደጋቸው ከሥጋ ሻጩ ከአቶ ኖርማን ትዊግ ጋር ይከራከሩ ነበር። ባንኮች ወድቀው መንግሥት ወጪ ይቀንስ አይቀንስ በሚባልበት በዚያ ዓመት የተደረገውን ክርክር እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን በጆሯችን ሰምተነዋል።

«እስቲ ንገረኝ ክላይቭ» አሉ አቶ ኖርማን። «ሚስቴ እግሯ እስኪያብጥ ሱቅ ውስጥ ትቆማለች። ግብር ትከፍላለች። የዶክተሩ ልጅ ሦስት ዓመት ተጋድሞ ግጥም እንዲያነብ ለምንድን ነው እሷ የምትከፍልለት?»

«የዶክተሩ ልጅማ ምንም ብታስከፍለው ይማራል። ክፍያውን ሲሰማ በሩ ላይ የሚመለሰው ያንተ ልጅ ነው።»

«ካዝናው ባዶ ነዋ! ቤቴ ሲጎድል እኔ ሥጋ እቀንሳለሁ። መንግሥትስ ምን ይለየዋል?»

«አንተ ደንቆሮ፣ መንግሥት ቤት አይደለም! አገር ሙሉ ሥጋ ቢቀንስ አንተ ለማን ልትሸጥ ነው?»

አቶ ኖርማን በቡጢ መለሱ። አቶ ክላይቭ ከወንበራቸው ተፈነቀሉ፤ ተነሥተውም በተራቸው ሰነዘሩ፤ የቢራ ብርጭቆ ተሰበረ፤ ሊገላግል የገባው ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ ተመታ። በሚቀጥለው አርብ ሁለቱም ዓይናቸው እንደ ጠቆረ በዚያው ጠረጴዛ ተቀምጠው ክርክሩን ካቆሙበት ቀጠሉ።

በምርጫው ዋዜማ ተማሪዎች «የዩኒቨርሲቲ ክፍያ እንዲጨመር ድምፄን አልሰጥም» የሚል ትልቅ ካርቶን ይዘው ቢሯቸው መጡ። ካርቶኑን የያዘችው ብሪዮኒ ነበረች፤ ያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነች።

«አባዬ፣ ዝም ብለህ ለፎቶ እንዳይሆን የምትፈርመው።»

«አያትሽ ምን ብሎ እንደገረፈኝ ታውቂያለሽ?»

«አንድ ሺህ ጊዜ ነግረኸኛል።»

«እንግዲያው እስክሪብቶውን አምጪ።»

ፈረሙ። ፓርቲያቸው አሸነፈ፤ በሰባተኛው ወርም ክፍያውን ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ሕግ አቀረበ። የፓርቲውን አባላት መሥመር የማስያዝ ሥራ የተሰጣቸው አቶ ሩፐርት ካርቨል የሚባሉ ሰው አቶ ክላይቭን ኮሪደር ላይ በክራቫታቸው ይዘው ከግድግዳ ጋር አጣበቋቸውና፣ «ስማ መምህር፣ ገንዘብ የለም፣ አለቀ። ማክሰኞ በእምቢታ በር ስትገባ ካየሁህ ወደዚያ መንደርህ በአንገትህ እጥልሃለሁ» አሏቸው። አቶ ክላይቭ ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ «ወደ መንደሬማ ባቡር ይሄዳል» ብለው መለሱ።

እንደሚታወቀው በእኛ ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነው። ደወል ይደወላል፤ ስምንት ደቂቃ ይሰጣል፤ የሚስማማው በስተ ቀኝ ባለው በእሺታ በር፣ የማይስማማው በስተ ግራ ባለው በእምቢታ በር ገብቶ በየኮሪደሩ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ በሮቹ ይቆለፋሉ፤ ቆጣሪዎችም በወዲያኛው ጫፍ ቆመው የሚወጣውን ሰው አንድ ሁለት እያሉ ይቆጥራሉ። ክርክሩን ያልሰማ ሰው እንኳ ከምሳ ቤት ሮጦ መጥቶ የወገኖቹን ጀርባ ተከትሎ መግባቱ የቆየ ልማድ ነው።

ያን ማክሰኞ ተማሪዎች ከምክር ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ ሞልተውት ነበር። ፖሊስም እንደ ልማዱ ዙሪያቸውን ከቦ መውጫ በመከልከል ብርዱ እንዲያበርዳቸው ያቆያቸው ጀመር። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የብረት አጥር ተነቅሎ ተወረወረ፤ ፈረሶቹ ወደ ሕዝቡ ተለቀቁ። አቶ ክላይቭ ብሪዮኒን ፍለጋ ወጥተው በከበባው ጠርዝ ሲደርሱ ልጃቸው ከግራ ጆሮዋ በላይ ተፈንክታ፣ ደሙ በአንገቷ እየወረደ፣ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ወደ እርሷ ሊያልፉ ሲሉ አንድ ፖሊስ ግንባራቸውን በዱላ አላቸው። እርሳቸውም የፖሊሱን የራስ ቁር ይዘው ሁለቱም አብረው ወደቁ። በዚያች ሰዓት ደወሉ ተደወለ።

«አባዬ፣ ደወሉ!» ብላ ጮኸች ብሪዮኒ።

«ትቼሽ የት ልሄድ!»

«እኔ አልሞትም! ሂድ! ሂድና እምቢ በል! ለዚህ አይደል እንዴ የተፈነከትኩት?»

ሮጡ። የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ከቅንድባቸው የሚወርደው ደም ሁለት ዓይናቸውን ሸፍኗል። አዳራሹ ሲደርሱ ግማሽ ደቂቃ ቀርቷል። ከፊታቸው የሚሮጡ የሚያውቋቸውን ጀርባዎች በጭላንጭል አዩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተከትለዋቸው የኖሩት የፓርቲያቸው ጀርባዎች ነበሩና እግራቸው ሳያማክራቸው ተከተለ። በሩ ከኋላቸው ተቆለፈ። ደሙን በእጅጌያቸው ጠርገው ቀና ሲሉ በእሺታ ኮሪደር ውስጥ ቆመዋል።

በሩን በእግራቸው ረገጡ፤ አልተከፈተም። የሚቀረው መውጫ በቆጣሪዎቹ ፊት የሚያሳልፈው ብቻ ስለነበር፣ አቶ ክላይቭ በሕይወታቸው ሁሉ በቀረበላቸው ምርጫ መካከል ሦስተኛ የሚፈልጉ ሰው እንደመሆናቸው፣ እዚያው ኮሪደር ባለው ሽንት ቤት ገብተው ከውስጥ ቀረቀሩት። ካልወጡ አይቆጠሩም ብለው አስበው ነው። ምክር ቤቱ አሥር ደቂቃ ጠበቀ። አፈ ጉባኤው የመዘግየቱ ምክንያት እንዲጣራ የምክር ቤቱን ሥርዓት የሚያስከብረውን ሰይፍ ታጣቂ ላኩ፤ ከሰይፍ ታጣቂው ግን አቶ ካርቨል ቀደሙ።

«ክላይቭ፣ ውጣ!»

«እዚህ እኖራለሁ!»

«ውጣ አንተ ሽማግሌ፣ ስድስት መቶ ሰው እየጠበቀህ ነው!»

«ተራቸውን ይጠብቁ!»

አቶ ካርቨል በሩን በሁለት ርግጫ ገንጥለው ገቡና በኮሌታቸው ያዟቸው። አቶ ክላይቭም በግንባራቸው የአቶ ካርቨልን አፍንጫ መቱ፤ የተሰበረው አጥንት ድምፅ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ። ከዚያ ሦስት የምክር ቤት አባላት እጅና እግራቸውን ይዘው፣ እርሳቸውም አንዱን በርግጫ፣ አንዱን በጥርስ እያሉ፣ በቆጣሪዎቹ ፊት ተሸክመው አሳለፏቸው። ቆጣሪ በእግርህ ነው ወይስ በሸክም ብሎ አይጠይቅም። «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት» አለ።

በነጋታው ጋዜጣ እሺ ያሉት ሰዎች ስም ዝርዝር ወጣ። ብሪዮኒ በአሥራ አራት ስፌት፣ በግራ ጆሮዋ ዳግም ላትሰማ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና አነበበችው። አባቷ ሄደው የሆነውን ሁሉ ነገሯት። እርሷም እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ፣ «በስህተት ገባሁ፤ ሽንት ቤት ተደበቅሁ፤ ተሸክመው አወጡኝ። ለፍርድ ቤት ይሄን ብታቀርብ ማን ያምንሃል?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አላነጋገረቻቸውም። አቶ ካርቨልና ሦስቱ ተሸካሚዎችም ለጋዜጠኞች አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ያን ሳምንት በሳሎናቸው መስኮት ጡብ ተወረወረ። ወይዘሮ ሞሪን መስታወቱን እየጠረጉ፣ «መቼስ ጡቡ ደህና ጡብ ነው፤ አስቀምጠው» አሏቸው። አርብ ዕለት አቶ ኖርማን በክበቡ መካከል ተነሥተው፣ «በመጨረሻ ልብ ገዛህ ክላይቭ! ና፣ ቢራ እኔ ልጋብዝህ!» ብለው በደስታ ሲያቅፏቸው፣ አቶ ክላይቭ መንጋጋቸውን ሰበሩባቸው። አቶ ኖርማን ስድስት ሳምንት ሾርባ በቀጭን ቱቦ ሲጠጡ ቢከርሙም ክስ አልመሠረቱም። ሥጋውንም እስከ መጨረሻው በቅናሽ ይልኩላቸው ነበር።

በቀጣዩ ምርጫ ተሸነፉ። በኋላ ዘመናቸው ክፍያ ፈርተው የቀሩ ወጣቶችን ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ ምጣኔ ሀብት በነጻ ሲያስተምሩ ቆዩ። በየዓመቱ በልጃቸው የልደት ቀን ደብዳቤ ይጽፉላት ነበር፤ መልስ አይመጣም።

ባለፈው ወር ሳንባቸው ታምሞ አልጋ ሲይዙ፣ በሼፊልድ ጠበቃ የሆነችው ብሪዮኒ ከእናቷ ሰማች። ጠበቃ ናትና መጀመሪያ የሄደችው ወደ ታማሚው ሳይሆን ወደ ምስክሩ ነበር። አቶ ካርቨል ጡረታ ወጥተው ዴቨን ውስጥ ንብ ያረባሉ።

«አባቴን የሚያስታውሱ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለቻቸው።

«አስታውስ እንደሆነ? ልጄ፣ ይሄ ያባትሽ ግንባር ነው» አሉ፤ አፍንጫቸውን እያሳዩ። «በቀኙ በኩል እስከዛሬ አልተነፍስም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ይናገራል? ሽንት ቤት ውስጥ አንድ ጡረታ የደረሰ መምህር አፍንጫዬን ሰበረኝ ብዬ?»

ብሪዮኒ በዚያው ቀን በባቡር ወደ ሆስፒታል መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ በአልጋው ጫፍ ተቀመጠች፤ በደህናው ጆሮዋ በኩል እንዲሆኑ ወንበሩን አዞረች።

«አፍንጫውን አየሁት፣ አባዬ።»

«እንዴት ነው?»

«ጠማማ ነው።»

«ጎሽ!» አሉ አቶ ክላይቭ። የኦክስጅን ጭንብላቸውን አንሥተው ነበርና ነርሷ ተቆጣቻቸው። አባትና ልጅ ከዚያ በኋላ አምስት ቀን አብረው ቆዩ። ሁለቱን ቀን የተነጋገሩ ሲሆን፣ ሦስቱን የተከራከሩት ስለ ወለድ መጣኔ ነው። በስድስተኛው ቀን ማለዳ ላይ፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ እንዳለ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ክላይቭ ሆልሮይድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሞሪንን፣ ልጃቸውን ብሪዮኒንና አያቱን በመጨረሻው ሳምንት ያወቀውን የልጅ ልጃቸውን ኦዌንን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ጆይስን፣ ዛሬ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ የሆኑትን አቶ ኖርማን ትዊግንና ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተማሯቸውን ሰባ አራት ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። በምድር ላይ ጡጫ ያልተለያቸውን ወንድማችንን እግዚአብሔር ማንም እጁን በማያነሣበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ የቀረነውንም ያጽናን።

በመጨረሻም ብሪዮኒ የአባቷ ድምፅ በመዝገብ እንዲታረም ከአቶ ካርቨል የምስክርነት ቃል ጋር ለምክር ቤቱ ያመለከተች ሲሆን፣ መልሱ ትናንት ከሰዓት በኋላ ደርሷል። ምክር ቤቱ በአቶ ሆልሮይድ ሞት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ገልጾ፣ እሺ ማለታቸውን አረጋግጧል።