ከፍጉ ክምር ሥር ያለው ኬብል

ባለፈው ጥቅምት ከመብራት መሐንዲሷ ከእስከዳር ጋር በጎንደር ዳር በሚገኝ አንድ ሰፈር ስናልፍ፣ ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር አያ ፋንታሁንን አገኘናቸው። አያ ፋንታሁን ከጃናሞራ መጥተው ወንድ ልጃቸው ዘንድ የተቀመጡ፣ ከተማ ቢገቡም ላሞቻቸውን ያልተዉ ትጉህ ሽማግሌ ናቸው። ያን ዕለት በአካፋ ፍግ ይከምሩ ነበር፤ ክምሩ ወገባቸው ደርሷል።

እስከዳር ጎንበስ ብላ እጅ ከነሣች በኋላ፣ «አያ ፋንታሁን፣ ከዚህ ሥር እኮ የጤና ጣቢያው የመብራት ኬብል ተቀብሯል» አለቻቸው።

«ሲቀብሩትማ አይቻለሁ! ምነው፣ ፍጌ ምን ያደርገዋል? እንዲያውም ከፀሐይ ከለልኩት።»

«የሚያሞቀው ፀሐይ አይደለም፣ በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። የምሰሶውን ሽቦ ነፋስ ያበርደዋል፤ የተቀበረው ግን ሙቀቱን የሚወስድለት አፈሩ ብቻ ነው።»

አያ ፋንታሁን ሳቁ። «መሬት ውስጥማ ቀዝቃዛ ነው፣ ልጄ! እኛ አገር ድንች ቀብረን አይደል የምናቆየው?»

እውነት ለመናገር መልሳቸው ደስ አለኝ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያዩትን ነው የተናገሩት። እስከዳርም አልተሟገተቻቸውም።

«እስቲ እጅዎን ክምሩ ውስጥ ያግቡልኝ» አለች።

እስከ ክርናቸው አግብተው ወዲያው መለሱት። «ኧረ ይፋጃል!»

«ላዩ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ታምቋል። የኬብሉም ሙቀት እንዲሁ ከታመቀ፣ ሽፋኑ እየደረቀ ይሰነጠቅና አንድ ቀን ይቃጠላል።»

ከጤና ጣቢያው ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ድምፅ ተሰማ። አያ ፋንታሁን ወደዚያ ዞሩ።

«ብርሃኑን ልነሣቸው ኖሯል?» አሉ ቀስ ብለው።

«ገና አልተጎዳም፤ ክምሩን ማንሣት ይበቃል። አፈሩን ግን እንዳይቆፍሩት፤ እርጥበት ያለው ጥቅጥቅ አፈር ሙቀቱን ሸጋ አድርጎ ይወስድለታል።»

ፍጉን ሦስታችን ወደ ጓሯቸው አጋዝነው።

በሰኔ ሳልፍ ጎረቤታቸው እመት ታየች እዚያው ቦታ ላይ አመድ ሊደፉ ሲሉ አያ ፋንታሁን ይሟገቷቸው ነበር። «ኬብሉ ሙቀቱን ለአፈሩ ከሰጠ ዕድሜው ይረዝማል፣ መብራቱም አይጠፋም፣ ሐኪሙም በጨለማ አያዋልድም። ፍጉስ ቢሆን ጎመኔን አፋፋልኝ እንጂ ምን ቀረብኝ?»

«ይህን ሁሉ ማን ነገረዎት?» አሉ እመት ታየች አመዳቸውን እንደያዙ።

«መሐንዲሷ ልጄ ናታ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። እኔም አላስተባበልኩም።