የጋሽ ኖርማን ጆሮ

እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥታ! ሮጀር፣ ያንን ብርጭቆ አስቀምጠው፤ አለቃ ብትሆንም መጠጣት የሚጀመረው የጋሽ ኖርማን መሸኛ ንግግር ሲያልቅ ነው።

ጋሽ ኖርማን እዚህ ጋራዥ የመጣው ለአስር ደቂቃ ነበር። ክሪክ ሊዋስ! ጎማው መንገድ ላይ ተንፍሶበት፣ አዲስ ሙሽራውን ቤሪልን ጣሪያ በሌላት መኪና ውስጥ ዝናብ ላይ አስቀምጧት፣ "መጣሁ" ብሎ ገባ። ያኔ አለቃ የነበሩት የሮጀር አባት አልነሳ ያለ ሞተር ላይ አጎንብሰው ሲራገሙ ደረሰ። "እስቲ አንድ ጊዜ ልስማው?" አላቸው። ይኸው አርባ አንድ ዓመት ሲሰማ ኖረ። ክሪኩንም እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ቤሪል፣ ዋሸሁ?

"ዣንጥላውን እንኳ ትቶልኝ ቢሄድ ምን ነበረበት!" አለች፤ ሰምታችኋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሻዩን በካቻቢቴ ያማስላል። ደንበኛ "መቼ ይደርስልኛል?" ካለው መኪናዋን በአገጩ ያሳየውና "እሷን ጠይቃት" ይለዋል። ሲያስተምር ደግሞ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጥና ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር ይከታል፣ መፍቻውን ከእጅህ እንዳይነጥቅህ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጡረታ ልወጣ ነው ካለ ወዲህ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሞተሮቹን ማን ያዳምጥልናል? ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

እኔ ወደዚህ ስመጣ ስምንት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የጠገንኩ፣ ደረቴን የነፋሁ መካኒክ ነበርኩ። አባቴ ሲሞት አረንጓዴዋን ባለ ሁለት መቀመጫ መኪናውን ተወልኝ። በሕይወቱ አንድ ቀን ኮፈኗን አስከፍቶኝ አያውቅም። አዲስ ባትሪ ገዝቼ አሰርኩላት፤ ቁልፉን ሳዞር ከዳሽቦርዱ ሥር ጭሱ ተትጎለጎለ። አስጎትቼ አመጣኋት። ጋሽ ኖርማን ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። ጎንበስ ብሎ አንድ ጊዜ አሸተተ።

"ባትሪውን እንደ አውቶቡስ አስረሽዋል፣" አለኝ። "እንደዚህች ባለች አሮጌ መኪና ላይ ከአካሏ ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው፣ ኔጌቲቩ አይደለም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "በቃ፣ እሸጣታለሁ" አልኩት።

"ሽጪያት። ግን መጀመሪያ ድምጿን ስሚ።"

ለዚያ ድምፅ አስራ አንድ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላለስኩ። እሱ ቢሠራት የግማሽ ቀን ሥራ ነበረች! ግን አንዲት ብሎን አልነካልኝም። አንድ ቀን ሞተሯን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና፣

"አባትሽ በመጨረሻ ቀኝ ክንዱን ያመው ነበር እንዴ?" አለኝ።

"ኧረ ምንም አልነበረውም!"

"እነዚህን ብሎኖች ያጠበቀው በግራ እጁ ነው። የመፍቻውን ጭረት እዪው፤ የቆየው ወደዚህ ነው፣ አዲሱ ወደዚያ።"

ቤት ሄጄ እናቴን ጠየቅኳት። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። "የመጨረሻውን ክረምት ክንዱን ማንሳት አቅቶት ነበር፤ ለልጅቷ እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኛል" አለችኝ። እስቲ አስቡት፤ አባቴን አይቶት የማያውቅ ሰው፣ ከአምስት ብሎን፣ እኔ ልጁ ያላወቅኩትን ሕመሙን ነገረኝ። ያን ቀን ፈራሁት። እስከ ዛሬም ትንሽ እፈራዋለሁ።

መኪናዋን አልሸጥኳትም። የአውቶቡሱን ሥራ ትቼ እሱ አጠገብ ተቀጠርኩ።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚከብደው አየርና ቤንዚን የሚቀላቅሉትን ሁለቱን ካርቡሬተሮች ማስተካከል ነው። የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን የካርቡሬተሩ አፍ ላይ ትደቅናለህ፤ የሁለቱ ፉጨት እኩል እስኪሆን ብሎናቸውን ትጠመዝዛለህ። ይህን የሚለካ መሣሪያ ገዝተን ነበር፤ የጋሽ ኖርማን ጆሮ ይበልጠዋል ብለን መደርደሪያ ላይ ጣልነው። ከጊዜ በኋላ ቱቦውን ለኔ ሰጠኝና እሱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እኔ አዳምጣለሁ፤ እሱ "ገና... ገና... በቃ!" ይለኛል። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። በአየር ላይ እየሰማው ነው እያልኩ እደነቅ ነበር።

አሁን የምናገረውን እሱም ቤሪልም ፈቅደውልኛል። ባለፈው ማክሰኞ ጭንቀቴን አፈረጥኩት። "አንተ ከሄድክ ማን ያዳምጣል?" አልኩት።

"ከጠፋኝ ሁለት ዓመት ሆኖታል" አለኝ።

"ምኑ?"

"ፉጨቱ። ጆሮዬ አልቋል፣ ልጄ።"

"ታዲያ በቃ ስትለኝ የነበረው?"

"ፊትሽን እያየሁ ነዋ! ሲስተካከል ግንባርሽ ይፈታል።"

ሁለት ዓመት! ከዚህ ጋራዥ የወጣው መኪና ሁሉ፣ እናንተ እዚህ ያላችሁት ባለመኪኖች ያወደሳችሁት ሁሉ፣ በኔ ጆሮ ነው የወጣው። እኔ ራሴ እንኳ አላውቅም ነበር። ጋሽ ኖርማን፣ ሰው በሰው ላይ እንዲህ ያለ እምነት ሲጥል አይቼ አላውቅም። ስለ አባቴም፣ ስለ እኔም፣ አመሰግንሃለሁ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሥራዬ ላይ ነኝ። አልፈራም።

በሉ ተነሡ፤ የፖም ሲደራችሁን አንሡ። ጤናና ዕድሜ ይስጥህ። ጓሮህ ውስጥ ተፈታታ የቀረችውን ቀይ መኪናህን ገጣጥመህ፣ ቤሪልን እስከ ባሕሩ ድረስ ወስደህ፣ በደረቅ ልብስ መልሳት።

ለጋሽ ኖርማን!

ኧረ እንደዚህ አይደለም፤ እሱ አይሰማችሁም! ጠጋ በሉና ጮክ ብላችሁ፣ ሁላችሁም፣ አንድ ላይ!