አትጠግኑ ያለን የለም

ከሩቅ አገር ተምሬ በተመለስኩ ሰሞን አናጢው አጎቴን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ደጃፍ ሲደርሱ ፊታቸውን አዞሩ። ወታደሮች የእትዬን ልጅ የወሰዱ ዕለት በሩን ገንጥለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ በበሩ ፋንታ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል፤ ከኋላው ሳል ይሰማል።

«አጎቴ፣ ይህን በር የሠሩት እርስዎ አይደሉም?»

«ቀስ በል! እኔ ነኝ፤ ምን ይሁን?»

«ታዲያ ለምን አይጠግኑላቸውም? ብርዱ ሊገድላቸው እኮ ነው።»

«መንግሥት የሰበረውን መጠገን፣ አጥፍተሃል ብሎ መንገር ነው።»

«አትጠግኑ ያለ ሰው አለ?»

«ማለት ያስፈልገዋል እንዴ? ይኼን ሁሉ ዓመት ተምረህ ይህ ጠፋህ?» ብለው ሳቁ። ደስታ የሌለበት ሳቅ ነበር።

«ይፍቀዱልኝና፣ ወታደሮቹ አንድ ቀን መጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ደጃፍ ዘብ የቆምነው እኛ ነን፤ ያውም ያለ ደመወዝ።»

«አንተ ምን አለብህ! ቢከፋህ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ትሄዳለህ። እኔ ልጆች አሉኝ።»

እውነታቸውን ነበር።

«እትዬም ልጅ ነበራቸው» አልኩ።

ከብርድ ልብሱ ኋላ የእትዬ ሳል እንደገና ተሰማ።

«ቢመጡብንስ?» አሉ አጎቴ።

«አይመጡም ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ዛሬ በር መጠገን ከፈራን ነገ ሰላምታ እንፈራለን። ያን ጊዜ የሚገዛን ሰው መቆጣት እንኳ አያስፈልገውም፤ እኛው እርስ በርሳችን እንበቃለታለን።»

ወደ ብርድ ልብሱ ዞሩና፣ «መጋዙን አንተ ትሸከማለህ» አሉኝ።

በጠራራ ፀሐይ ሠራን። የመጀመሪያው ምስማር ሲመታ ሰፈሩ ጭጭ አለ። ቆይቶ ልብስ ሰፊዋ መንገዱን ተሻግራ አሮጌ የበር ማጠፊያ አቀበለችን። ጫማ ሰፊው መጥቶ በሩን ደገፈልን። ሌሎችም ወጡ፤ ለወራት አንገታቸውን ደፍተው ያለፉ ሰዎች እትዬን ጤናቸውን ጠየቁ።

«ብቻዬን ብሆን አመፅ ነበር የሚባለው» አሉ አጎቴ ላባቸውን እየጠረጉ፤ «ሰፈሩ ሲወጣ ግን ያው ጥገና ሆነ።»

ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ለሁላችን ሲከፋፈል ግን ሸክሙ ቀለለ።

በመጨረሻ አጎቴ ቁልፉን ሊገጥሙ ሲሉ እትዬ እጃቸውን ያዙ።

«ይኼስ ይቅር ወንድሜ።»

«ለምን?»

«ልጄ መክፈቻ የለውም።»