የጎርፉን ሒሳብ የመረጠችው ገንዘቤ

አባታችን፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፤ ትራንስፖርት ታግዶ ከኦዊኖ ገበያ በእግራችሁ የመጣችሁ የገንዘቤ ጎረቤቶች፤ አንቺም እህቷ አስቴር፤ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። በኮሮናው ምክንያት ከሃያ ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ ብዙ ወዳጆቿ በየቤታቸው እያለቀሱ ነው። ለሚ እባላለሁ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ አብሬያት እማር ነበር። መናገር አልችልም፤ ግን እናገራለሁ።

ገንዘቤን የማያውቃት ማን አለ? በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ኮሌጅ የገባች ልብስ ነጋዴ! ለምን ገባች? ዝናብ በጣለ ቁጥር ቦዩ ሞልቶ ሱቋ ውስጥ ስለሚገባ። የረጠበ ልብሷን ስታሰጣ አይታችኋታል። «ይህን ውሃ እኔው እመልሰዋለሁ» ስትል ሰምታችኋታል።

በኮሮናው ተዘግቶ የነበረው ኮሌጅ መጋቢት ላይ ዳግም ሲከፈት አማካሪያችን ፊት ተቀመጥን። ከሁለት የሒሳብ ኮርሶች አንዱን መምረጥ ነበረብን። ስታቲስቲክስ ቀላል ነው። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ብዙ ሰው ይጥላል። እኔ በጆሮዋ «ቀላሉን እንውሰድ፣ ገንዘቤ» አልኳት። እሷ ግን አማካሪውን ጠየቀች።

«ቦይ ውስጥ ውሃ በምን ፍጥነት እንደሚሞላ የሚያሰላው የትኛው ነው?»

«ሁለተኛው። ግን ይከብድሻል።»

«እሱን ይጻፉልኝ።»

በመጀመሪያው ፈተና ከመቶው ሃያ ስምንት ብቻ አመጣች። አለቀሰች። ኮርሱን የምትተውበትን ፎርም እኔው ራሴ አመጣሁላት። ቀደደችው! በማግስቱ ሱቋ ስሄድ፣ በደንበኛ መሃል ካርቶን ላይ ታሰላለች። «አንተ ልጅ፣ ቆመህ ከምታየኝ ይቺን አስረዳኝ» አለችኝ። መጨረሻ ላይ ስልሳ አንድ አመጣች። አለፈች! ያን ቀን ገበያው መሃል እልል ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?

ምን ያደርጋል? በሽታው ተመልሶ መጣ፤ ገንዘቤንም ያዛት። ኦክስጅን ጠፋ። አስቴር ሦስት ሆስፒታል ደወለች። ሦስቱም «አልጋ የለም» አሏት።

ማክሰኞ ካንሳንጋ ሰፈር፣ ቤቷ ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደረጃውን አልወጣሁም። ፈራሁ። መንገድ ላይ ቆሜ ተጣራሁ። በመስኮት ብቅ አለች፤ ትንፋሽ አጥሯታል። ስለ ሕመሟ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

«ለሚዬ፣ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። የሚቀጥለውን ሒሳብ ምረጥልኝ።»

«ሲሻልሽ አብረን እንመርጣለን።»

ሐሙስ ሞተች።

ለምን አልመረጥኩላትም? የአንድ ኮርስ ስም መጥራት ምን አቃተኝ? ስሙን ብጠራላት እኮ «ትኖሪያለሽ» ማለቴ ነበር። እሷ የፈለገችው ያንን ነበር። እኔ ነፈግኳት። አስቴር፣ አንቺም ስሚኝ፤ እኔ ነፈግኳት።

ገንዘቤ፣ እህቴ፤ ማጽናኛ ይዤ አልመጣሁም። ከየት አመጣለሁ? በነዚህ ሰዎች ፊት ይቅርታ ልለምንሽ ነው የመጣሁት። እንደማትመልሺልኝ አውቃለሁ። ያን ቀን ከሩቅ አናገርኩሽ። ዛሬ ቀርቤያለሁ፤ ግን ዘግይቻለሁ።

ደህና ሁኚ።