የጊፋታ እንጨት፣ አባባ ቦሼና ባለ ሽብልቁ ትራክተር

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አባባ ቦሼ ከሻንቶ ገበያ ባጃጅ አጥተው በእግራቸው ወደ ቀያቸው ሲያዘግሙ፣ ከኋላቸው የሞተር ድምፅ ሰሙና የመንገዱን ጥግ ያዙ። ድምፁ ግን አላለፋቸውም። አጠገባቸው ሲደርስ ቀዝቀዝ አለና ቆመ። ዞር ቢሉ ትልቅ ትራክተር ነው። መሪውን የያዘችው ደግሞ የጎረቤታቸው የመምህር ዘሩባቤል ልጅ ሰገነት ናት።

ሰገነት ዘላ ወረደችና በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

«አባባ ቦሼ፣ እንደምን ዋሉ? እማማ ፈጠነች ደኅና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ልታሳፍሪኝ ነው የቆምሽው?»

«ትራክተር ላይ ትርፍ ሰው አይጫንም፣ አባባ። ወንበሩ አንድ ነው፤ የወደቀ ሰው ደግሞ ጎማው ሥር ነው የሚገባው።»

«ታዲያ ካልጫንሽኝ ለምን አቆምሽ?»

«ሰላም ሳልልዎት ባልፍ አባቴ ቤት ያስገባኛል?»

አባባ ቦሼ ደስ አላቸው። ሶዶ ቴክኒክና ሙያ ተምራ እንኳ ሰላምታ አልረሳችም ሲሉ በሆዳቸው መሰከሩላት። ዓይናቸው ግን ከትራክተሩ ኋላ በተገጠመው ብረት ላይ አርፎ ነበር።

«ይህስ ምንድን ነው? ማረሻ አይመስል፣ መዝሪያ አይመስል።»

«ግንድ መፍለጫ ነው፣ አባባ። ግንዱን እታች እዚህ ሰሌዳ ላይ እናቆመዋለን። ከላይ ያለው ስለታም ብረት ሽብልቁ ነው። ይህችን ማንሻ ስጫን የትራክተሩ ሞተር ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ሽብልቁን ወደ ታች ይገፋል፣ ግንዱ ሁለት ይሆናል።»

«ዘይት ነው የሚፈልጠው?» አሉና አባባ ቦሼ ከልብ ሳቁ። «እኔ እስከ ዛሬ ዘይት ሲጠብስ እንጂ ሲፈልጥ አላየሁም!»

«ቱቦ ውስጥ ሲጨናነቅ ጉልበቱ የዋዛ አይደለም። የገልባጭ መኪና ሣጥን ድንጋይ እንደ ጫነ ሲነሣ አይተው የለ? ያንን የሚያነሣው እኮ ዘይት ነው።»

«እሱንስ አይቻለሁ» አሉ፣ ሳቃቸውን ቀነስ አድርገው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። በዚያ ሰፈር የአባባ ቦሼን መጥረቢያ የማያውቅ የለም። ጊፋታ በደረሰ ቁጥር ወንዶቹ እሳቸው በር ላይ ይሰበሰባሉ፤ የመጀመሪያውን ግንድ በመጀመሪያ ምት የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ደቦው ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተረቡ፣ ሳቁ፣ ጨዋታው ከፍልጡ እኩል ይከመራል። ታዲያ ባለፈው በልግ አባባ ቦሼ ዱቦ ሆስፒታል ብሽሽታቸው ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሐኪሙም «ከእንግዲህ መጥረቢያና መዶሻ በሩቁ ነው የሚያዩት» ብሎ አስጠነቀቃቸው። ለጎረቤት የተነገረው ግን «ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል» የሚል ነው፤ እውነቱን የያዙት ባለቤታቸው ፈጠነች ብቻ ነበሩ። አባባ ቦሼን ያስጨነቃቸው ቁስሉ አይደለም። መጥረቢያ የማይጨብጥ ቦሼን ብሎ የሚመጣ ሰው ይኖር ይሆን ወይ የሚለው ነው እንቅልፍ የነሣቸው።

ሰገነት ይህን አታውቅም። «ነፋስ የጣለብዎት ያ ትልቅ ባሕር ዛፍ አሁንም ግቢዎ ውስጥ ነው አይደል? በሞተር መጋዝ ተቆራርጧል ሲሉ ሰማሁ። ለጊፋታ መጥቼ ልፍለጥልዎት?» አለቻቸው።

«አይ ልጄ፣ ተይኝ። የበዓል እንጨት በላብ ነው የሚፈለጥ።»

«ላቡስ ባልከፋ። ዓምና ግን ስንጥር ዘሎ አንዱን ጎረቤታችንን ዓይኑን ሊያጠፋው አልነበር?»

«ስንጥርማ ያለ ነው።»

«ሳይኖር ቢቀርስ?»

አባባ ቦሼ ሌላ መንገድ ፈለጉ። «እሺ ይሁን። ሶዶ ውስጥ መጥረቢያ ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከበር በር የሚዞሩትን ፈላጮችስ አስበሻቸዋል? ይህ ብረት እንጀራቸውን ሊወስድ ነው።»

«የማሽኑ ባለቤቶች እኮ እነሱው ናቸው፣ አባባ! ማኅበር መሥርተን ነው ያመጣነው። ወገባቸው ተቆርጦ ማታ ማታ የሚያቃስቱት ሰዎች ዛሬ ማንሻ ይጫናሉ፣ ግንድ ያቀርባሉ፣ ፍልጥ ይደረድራሉ። እኔ የተጨመርኩት መንዳትና መጠገን ስለተማርኩ ነው።»

«እሺ፣ ዛፉስ? እንዲህ በቀላሉ ከተፈለጠ አገሩ መላጣ ሊሆን አይደል?»

«ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች ሰገነት፣ አስተማሪ አባቷን መስላ። «ማሽኑ ዛፍ አይጥልም፤ የወደቀውን ነው የሚሰነጥቀው። እንዲያውም እማማ ፈጠነችን ይጠይቋቸው። ወፍራም እርጥብ ጉማጅ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል?»

«ያጨሳል እንጂ ምን ያደርጋል።»

«ዓይን ያስለቅሳል፣ ደረት ይዘጋል፣ ድስቱ ግን አይፈላም። ቀጠን ተደርጎ የተፈለጠ እንጨት ቶሎ ይደርቃል፤ የደረቀው ደግሞ በትንሹ ብዙ ይነዳል። እንጨት የሚቆጥበው እሱ ነው።»

አባባ ቦሼ የቀራቸው አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ እውነተኛው ነው። ዓይናቸውን ከመንገዱ ዳር እንሰት ላይ ተክለው ቀስ ብለው ተናገሩት።

«ልጄ፣ እንጨቱ በማሽን ከተፈለጠ ሰው ለምን ይመጣል?»

ሰገነትም ወደ እንሰቱ ተመለከተች። ከዚያ «ይህን አላውቅም፣ አባባ። እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ተምሬ ነው ያልኩት፤ ይህን ግን ማንም አላስተማረኝም» አለች።

አባባ ቦሼ በዚህች ክርክር ያሸነፉ መሰላቸው። ያሸነፈ ሰው ግን እንዲያ አቀርቅሮ ወደ ቤቱ አይሄድም።

በማግስቱ ማለዳ ፈጠነች ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ፣ አዛውንቱ ሽብልቆቻቸውንና መዶሻቸውን ይዘው ወደ ግንዱ ሄዱ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ከጉማጆቹ ሁሉ ትልቁን፣ በርሜል የሚያህለውን፣ ማንም ሳያይ አስቀድመው ማላላት። ከዚያ በደቦው ቀን በአንዲት ቀላል ምት ይከፍቱትና «ቦሼ እንደ ድሮው ነው» ይባላል። መጀመሪያ አንዱን ሽብልቅ በመዶሻ መትተው አስገቡ፤ ግንዱ ዋጠው። ለእሱ ማውጫ ሌላ ጨመሩ፤ ያንንም ዋጠው። የመጨረሻውም ሲሰጥም ብሽሽታቸውን ጠቅ አደረጋቸውና መዶሻውን ጣሉ። እንደ ምንም ጎንበስ ብለው የብረቶቹን አናት በጭቃ መረጉ፤ በላዩ የእንሰት ቅጠል ጣል አደረጉበት። ጥፋቱን የሚደብቅ ልጅ እንኳ እንዲህ ያለ ዘዴ አያመጣም፤ ሽማግሌ ሲያፍር ግን የማያደርገው የለም።

ፈጠነች ውኃቸውን ይዘው ሲመለሱ ያገኟቸው ሆዳቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነው።

«የልጆቼ አባት፣ ምን ሆነሃል? ቁስሉ ነው?»

«ብርድ ነው።»

«ብርድ መዶሻ ያስይዛል? እጅህ ላይ ያለው ጭቃስ?» ፈጠነች እንስራቸውን አወረዱ። «ስማኝ። ወይ የሰገነት ትራክተር ትመጣለች፣ ወይ ዛሬውኑ ቤት ለቤት ዞሬ የዱቦውን ጉዳይ አወራለሁ። ምረጥ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ማስፈራራት ነው!»

«አዎ፣ ነው።»

አባባ ቦሼ ትራክተሯን መረጡ። ስለ ሽብልቆቹ ግን ለፈጠነችም ትንፍሽ አላሉም።

የደቦው ቀን ትራክተሯ ግቢው ስትደርስ ሰዉም መጥረቢያውን እንደ ያዘ ከች አለ። መምህር ዘሩባቤል መጥረቢያውን እንደ ጠመኔ በሁለት ጣት ይዞ ስለመጣ ገና ከበሩ ሳቅ ተጀመረ። ሰገነት የዓይን መከላከያ መነጽሯን አደረገች፤ ሁሉንም ወደ ኋላ መለሰች።

«ሽብልቁ ሲወርድ ማንም እጁን አያስጠጋም! ግንዱን የሚያቆም ሰው ‹ለቅቄያለሁ› ሳይል እኔ ማንሻ አልነካም! አባቴ፣ አንተም ጭምር!»

«ክፍሌ ውስጥ የማላገኘውን ጸጥታ ልጄ አገኘችው» አለ ዘሩባቤል።

የማኅበሩ ጎልማሶች ከሁሉ በፊት ያንን በርሜል የሚያህለውን ጉማጅ አንከባለሉት። የእንሰቱ ቅጠል ወደቀ። ጭቃ የተለቀለቀው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ሰሌዳው ላይ ቆመ፤ ብረቶቹን ያየ ሰው የለም። «ለቅቄያለሁ!» አለ ያቆመው ሰው። የሰገነት እጅ ማንሻው ላይ አረፈ።

በዚያች ቅጽበት አባባ ቦሼ ሁለት ነገር አዩ። ዝም ቢሉ ክብራቸው ይተርፋል። ዝም ቢሉ ደግሞ ብረት ከብረት ይጋጠማል፤ የሚፈናጠረው ስባሪ የማን ዓይን፣ የማን አንገት እንደሚያገኝ አይታወቅም። ከሁሉ ቀርባ የቆመችው ደግሞ ልጅቷ ናት።

«አቁሚ!» ብለው ጮኹ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። «አቁሚ ልጄ! ውስጡ ብረት አለ! ሽብልቆቼን ውጦብኛል!»

ሞተሩ ጠፋ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ሰሞኑን አንድ ማለዳ ብቻዬን መትቼው ነው» አሉ አባባ ቦሼ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «መምታትም አልነበረብኝም። በበልግ ዘመድ ጥየቃ አልሄድኩም፤ ዱቦ ተቀድጄ ነው የመጣሁት። ሐኪሙ መጥረቢያ ከልክሎኛል። ይኸው፤ ይህ ነው።»

ዘሩባቤል ጉሮሮውን ጠረገ። «ቦሼ፣ እኛ እኮ እናውቃለን።»

«ምን?»

«ከሆስፒታል ያመጣህ ባለ ባጃጅ እዚሁ ሰፈር ነው የሚያድረው። ገና ከቤትህ ሳትገባ ነው የሰማነው።»

«ታዲያ እያወቃችሁ ለምን መጥረቢያ ይዛችሁ መጣችሁ?»

«አንተ መጥረቢያህን ሳታነሣ እየተሻማን ልንጨርስልህ ነዋ! እኔ እንኳ ሦስት ቀን በሙዝ ግንድ ስለማመድ ነው የከረምኩት።»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ፈጠነች «ልደብቅለት ስል ምላሴን ነክሼ የከረምኩት በከንቱ ነው ማለት ነው!» ሲሉ ደግሞ ባሰበት። አባባ ቦሼም መጀመሪያ በአፍረት፣ በኋላ በደስታ፣ ብሽሽታቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ።

ሰገነት ግን አልሳቀችም። መጣችና እጃቸውን ያዘች። «አባባ፣ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ...» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። ግንዱን አስገለበጠች፤ ጭቃውን ጠርጋ ብረቶቹ የሰመጡበትን ጎን ለየች፤ ሰውን ከቀድሞው አርቃ መለሰችና ሽብልቁን ከእነሱ ርቆ በሌላው ጫፍ አወረደችው። ባሕር ዛፉ አንዴ አቃሰተ፣ ቋ አለ፣ እንደ ዳቦ ተከፈተ። የተዋጡትም ብረቶች መያዣ አጥተው መሬት ላይ ዱብ ዱብ አሉ።

«ወይ ዘይት!» አሉ አባባ ቦሼ።

ድሮ ከአንድ ቤት የሚያስመሽ ሥራ ፀሐይ ሳይበረታ አለቀና ትራክተሯ ወደ ሌሎቹ ቤቶች ዞረች። የእትዬ ዘነቡ ተራ ሲደርስ ገና ረፋድ ነበር። እትዬ ዘነቡ ባል የሞተባቸው፣ ቤታቸው ከሰፈሩ ጫፍ የሆነ ሴት ናቸው፤ ደቦው እሳቸው ዘንድ ሁልጊዜ የሚደርሰው ክንድ ሁሉ ከዛለ በኋላ ነው። የተከመረላቸውን ፍልጥ በእጃቸው እየዳሰሱ «በየዓመቱ ለእኔ የሚደርሰኝ ‹ይቅርታ፣ ደከመን› የሚል ነበር። ይቅርታ ደግሞ ነዶ አያውቅም» አሉ።

ያን ቀን የሆነውን ላስተዋለ ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው። ማንም ዓይኑን ስንጥር አልመታውም፤ ማንም ወገቡን ይዞ አልገባም። እንጨቱ ስሱ ስለሆነ በበዓሉ ደርቆ ያለ ጭስ ነደደ፤ እናቶች በገዛ ጓዳቸው አላለቀሱም። የሶዶዎቹም ፈላጮች ጉልበታቸውን ሳይጨርሱ ገቢያቸውን አገኙ። ክንድ ስለዛለ ወደ ኋላ የሚቀር ቤትም አልነበረም። ልማድን መውደድ ደግ ነው፤ ግን ከልማዱ የሚወደደው ሰው መሰብሰቡ እንጂ ወገብ መሰበሩ እንዳልሆነ መለየት ያስፈልጋል። አባባ ቦሼ ይህን ለመለየት አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸው ነበር።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ሰዉ ተመልሶ እሳቸው ግቢ ፍልጡ ላይ ተቀመጠ። ቆጮና በበርበሬ የተሠራ ዳጣ ቀረበ። ተበላ። ቀኑ ገና ግማሽ ነው፤ ሁሉም ቤቱ ሥራ አለው። አባባ ቦሼ አሁን ይነሣሉ፣ አሁን ይነሣሉ እያሉ ጠበቁ። የተነሣ የለም። አንዱ ስለ በሬ፣ አንዱ ስለ ዝናብ ያወራል፤ ዘሩባቤል ስለ ሙዙ ግንድ ይዋሻል። በመጨረሻ አዛውንቱ አላስቻላቸውም።

«እናንተ ሰዎች፣ ሥራው አለቀ እኮ። ምን ትጠብቃላችሁ?»

ተያዩ። የመለሱላቸው እትዬ ዘነቡ ናቸው።

«ምን እንጠብቃለን? ጨዋታህን ነዋ! ሌላ ጊዜ ስታለከልክ ትውልና አንድ ቁም ነገር ሳናወራ ይመሻል። ዘንድሮ ገና ትንፋሽ አለህ፤ አውራ እንጂ!»

አባባ ቦሼ ወደ ሰገነት ዞሩ። ዓይናቸው ረጠብ ብሏል፤ ጭስ ግን አልነበረም።

«ልጄ፣ ያን ቀን መንገድ ላይ ‹ሰው ለምን ይመጣል?› ብዬሽ አላስተማሩኝም ያልሽው ጥያቄ ትዝ ይልሻል? በይ መልሱን ከእነዚህ ተማሪ። ለከርሞ አንቺ ማሽኑን ታመጫለሽ፣ እኔ ሰው እጠራለሁ።» ከዚያ እግራቸውን ዘርግተው፣ ድምፃቸውን አስተካክለው ወሬ ጀመሩ።