ዳማ እጅ ሲያይ

ፈረስ ሊያሳስረኝ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? ቀበሌያችን ለአብዮት በዓል በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የፈረስ ግልቢያ ውድድር አዘጋጀና እኔም የጋሪ ፈረሴን ዳማን ይዤ ገባሁ። ዳማ ገና ለጋ ነው፤ ቁንጥንጥ፣ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ እንኳ የሚደነብር። መነሻው ላይ አንዴ ወደ ጎን አንዴ ወደ ኋላ ይለኛል። ፊሽካው ሲነፋ ግን ለመሰናክል የተጋደሙትን በርሜሎች እየዘለለ ሁሉንም ጥሎ ወጣ። ልንጨርስ ጥቂት ሲቀረን አንዱ መፈክር አሰማና ሕዝቡ በሙሉ ግራ እጁን አነሳ። ዳማ ቀጥ አለ። ለካ ከቀፊራ ሰፈር ሳቢያን ድረስ በጋሪ ስንመላለስ እጁን ያነሳ ሁሉ ተሳፋሪ እንደሆነ ለምዷል። በሁለት እጄ ልጓሙን ይዤ ብኮለኩለው፣ ብለምነው፣ ንቅንቅ የለም። ሌሎቹ አልፈውን ሄዱ።

ወዲያው የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። «ፈረሱ ምን ሆኖ ነው የቆመው፣ ጓድ?» አለኝ። በዓሉን ሆን ብሎ አበላሸ እንዳልባል ፈራሁና፣ «መፈክሩን አክብሮ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት።

ዳማን አየው፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። «እሱስ አክብሯል» አለ። «ያንተ ግራ እጅ ግን የት ነበር?»