የሩታ ክንድ

«አስቀበርሽ? ሳትነግሪኝ አስቀበርሽ?»

አቶ ማርቆስ ይህን ያሉት ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የገዙትን ዓሣ በፌስታል እንዳንጠለጠሉ ነው። ምራታቸው ሩታ በራቸው ላይ ከቆመች ባጃጅ ስትወርድ ክንዷ ላይ የተለጠፈ ጥጥ አይተዋል። አቶ ማርቆስ በካቶሊክ አጥቢያቸው፣ በቁምስናቸው፣ ዘመናቸውን ሙሉ ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡም ድምፃቸው ልክ እንደ ክፍል ውስጥ ይሆናል። ክንድ ላይ ስለሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ብዙ ሰምተዋል፤ አይተውት ግን አያውቁም። ሆዷ እንዲህ የገፋ ሴት መከላከያ ምን ይሠራላታል ብለው ለማሰብ ቁጣቸው ጊዜ አልሰጣቸውም።

«አባባ፣ የተቀበረ ነገር የለም። ለምርመራ ደም ነው የተቀዳችው» አለች ሩታን ደግፋ የወረደችው ታቢታ። ታቢታ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የጤና ትምህርት ትማራለች።

«ማን ነው የቀዳት? የመንግሥት ሐኪሞቹ?»

«የቁምስናዎ ክሊኒክ ሲስተሮች ናቸው እንጂ! መርፌውን የያዙት መስቀል ያንጠለጠሉት ናቸው።»

«እህ…» አሉ አቶ ማርቆስ፤ ዓሣውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩት። ይቅርታ ማለት ሲከብዳቸው እንዲህ የሆነ ነገር ያዛውራሉ።

«ግን አባባ፣ የደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል። ሽንቷም ደህና አይደለም። ሲስተር ‹እኛ ጋ የሚያዝ አይደለም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል› ብለዋል። የመጣነው ልብሷን ይዘን፣ ለእርስዎም ነግረን ልንሄድ ነው።»

ልጃቸው ያቤጽ ጭነት ይዞ ወደ ሞያሌ ሲወርድ «አደራ አባባ» ብሎ ነው የሄደው። አደራው እቤት ቢቀመጥም ያስፈራል፤ ሆስፒታል ቢገባም ያስፈራል።

«ያቤጽ እስኪመጣ እንጠብቅ» አሉ።

«ግፊቱስ ይጠብቃል?»

የባጃጁ ሹፌር ሰኢድ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ሞተሩን ላጥፋው?» አለ።

«ስሚኝ ታቢታ። ሲስተሮቹን ያን የመከላከያ መድኃኒት ካልሰጣችሁ የክሊኒካችሁ ፈቃድ አይታደስም ሊሏቸው ነው ይባላል። የመነኩሴ ሕሊና የሚያስገድድ ሰው ለእኔ ምራት ያዝናል? የጎረቤታችን የከበቡሽ ልጅ ሆስፒታል ወልዳ በተኛችበት፣ ሳትጠየቅ ክንዷ ላይ ቀብረውባታል አሉ!»

«እሷ ናት የነገረችዎት?»

«አባቷ ነው።»

«እሷንስ ጠየቋት?»

«እሷንማ… ምን ብዬ እጠይቃታለሁ?»

«አዩ! ሳትጠየቅ ተደረገባት ብለን ስናወራ እኛም ሳንጠይቃት ነው።» ታቢታ ሳቅ አለች፤ ዓይኗ ግን ከሩታ ያበጠ እግር ላይ አልተነሳም። «አልዋሽዎትም፤ ሳይጠይቅ የሚቸኩል ባለሙያ አይጠፋም። ሕጉ ግን ሴትየዋ ራሷ ሳትፈቅድ ገላዋን አትንኩ ነው የሚለው። ስለ ሲስተሮቹ ደግሞ እኔ ጴንጤዋም ከእርስዎ ጋር ነኝ። የማያምኑበትን ስጡ ሊባሉ አይገባም። እነሱም የማይሰጡትን በራቸው ላይ ጽፈው ይለጥፉ፤ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ። ሆስፒታሉ ግን የመንግሥት ስለሆነ የእርስዎም የሰኢድም ነው፤ መድኃኒቱን ለጠየቀ መስጠት አለበት፣ እንቢ ያለን ማስገደድ አይችልም።»

«ወረቀት ላይ ጥሩ ነው» አሉ አቶ ማርቆስ።

እዚህ ላይ ሽማግሌውን ማማት ቀላል ነው። ነገር ግን ሃይማኖቱን አስነክቶ ጤናውን የሚገዛ ሰው ደስ ብሎት አይድንም፤ ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አልነበረም። ስህተታቸው ስለ ፍርሃታቸው ራሷን ሩታን አለማማከራቸው ነው።

«ባለፈው እሑድ በቁምስናው ስብሰባ ተነስተው ተናገሩ አሉ። ምን ነበር ያሉት?» ጠየቀች ታቢታ።

«‹ሕሊና አይገደድም› አልኩ። ተጨበጨበልኝም።» በዚያ ጭንቀት መሃል እንኳ ጭብጨባውን አልረሱትም።

«የማን ሕሊና?»

«የመነኩሴውም፣ የምእመኑም፣ የሰው ሁሉ!»

«ሩታ ከሰው ትቆጠራለች?»

አቶ ማርቆስ ዞር ብለው ሲያዩ ሩታ የባጃጇ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን ይዛለች። ይህ ሁሉ ክርክር በእሷ ክንድና በእሷ ሆድ ላይ ሲካሄድ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ተናገሪ ያላትም የለም።

«የኔ ልጅ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ራሴን ሊፈልጠኝ ነው አባባ። ዓይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። እፈራለሁ… ልሂድ።»

ታቢታ ፊቷ ተለዋወጠ። «በሉ፣ ይሄ ምልክት ክፉ ነው!»

ዓሣው እዚያው ደጃፍ ላይ ቀረ። አቶ ማርቆስ ከምራታቸው ጎን ተጣበው ገቡ፤ ሰኢድ አስፋልቱን እያስጮኸ ሲበር እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው አንዱን ጸሎት ሳይጨርሱ ሌላውን ይጀምሩ ነበር። በመንገድ ላይ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቀደም ብለን ብንመጣ ይሻል ነበር?» ታቢታም ለማጽናናት ብላ አልዋሸችም፤ «አዎ አባባ፣ ይሻል ነበር» አለቻቸው።

ሆስፒታል እንደደረሱ ሩታ ግፊቱ እንዳያንዘፈዝፋት መድኃኒት ተሰጣት፤ ሊነጋጋ ሲል በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሟ «እቤት ብታድር ኖሮ…» ብላ ጀምራ የሽማግሌውን ፊት ስታይ ተወችው።

አቶ ማርቆስ በሚቀጥለው እሑድ በቁምስናው እንደገና ተነሱ። ያበጠ እግር፣ የማይለቅ ራስ ምታትና የዓይን ብልጭታ «የእርግዝና ጸባይ ነው» ተብሎ የሚታለፍ እንዳልሆነ ለምእመኑ ነገሩ። ሲስተሮቹ የማያምኑበትን እንዲሰጡ ማንም ሊያስገድዳቸው እንደማይገባ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ፈጥነው በመላካቸው ግን ሁለት ነፍስ እንዳዳኑ ተናገሩ። «እኔ አማቷ ነኝ እንጂ ሕሊናዋ አይደለሁም» ሲሉ ያጨበጨቡት ሴቶቹ ብቻ ነበሩ።

ይህ ከመሆኑ በፊት ግን፣ ሩታ ገና ከሆስፒታል ሳትወጣ፣ ነርሷ ወደ አልጋዋ መጥታ መጋረጃውን ስባ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ አነጋግራት ነበር። አቶ ማርቆስ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ። ነርሷ ስትወጣ ገቡና የሕፃኗን ፎጣ ደጋግመው አስተካከሉ።

«ጠየቀችሽ?»

«ጠየቀችኝ።»

«ሳታስገድድ?»

«ሳታስገድድ።»

«ጥሩ ነው። እንዲህ ነው እንጂ!» ፎጣውን አንዴ ጨምረው አስተካከሉ። «እና… ምን ብለሽ መለስሽላት?»

ሩታ ሕፃኗን ወደ ጡቷ አስጠጋች።

«የጠየቀችው እኔን ነው፣ አባባ።»